የጥምቀት መክሰስ፦ አለርጂ ላለበት ልጅ ምን ይዘን እንግባ?

ጥምቀት የሚከበርበትን የጎንደሩን የፋሲል መዋኛ በር አንዴ ካለፉ በኋላ ወጥቶ መመለስ ዘበት ነው። ሰዉ ይጠቀጠቃል፣ ፍተሻው እንደገና ያሰልፋል፣ ልጅ ደግሞ ክንድ ላይ ይተኛል። ስለዚህ ጥምቀትን ውስጥ ገብቶ ለማክበር ያሰበ ወላጅ የመክሰሱን ነገር ከቤት ሳይወጣ መጨረስ አለበት።

አለርጂ የሌለበት ልጅ ከሆነ ብዙም አያሳስብም። ቢርበው ከአጠገቡ ካሉት ሰዎች አንዱ ቆሎ ያዘግነዋል፣ ሌላው ሙዝ ይሰጠዋል፣ ይውላል። ለውዝ ወይም ሰሊጥ፣ እንቁላል ወይም ወተት የማይስማማው ልጅ ግን በዚያው ደግ እጅ ሆስፒታል ሊገባ ይችላል።

ያሉትን አማራጮች ላወዳድር። ከቤት የተሠራ፣ ፍራፍሬ፣ የታሸገ ብስኩት፣ እዚያው ከሻጭ የሚገዛ። አንድ ሌላም አለ፤ ጨርሶ ውስጥ አለመግባት። ብዙ ሰው እሱን አማራጭ ነው ብሎ አይቆጥረውም። እኔ እቆጥረዋለሁ።

በእርግጥ አለርጂ ነው ወይ?

«አለርጂ አለበት» የሚባል ልጅ ሁሉ ችግሩ አንድ አይደለም። ወተት ሲጠጣ ሆዱ የሚነፋና የሚያስቀምጠው አለ። አንጀቱ የወተቱን ስኳር መፍጨት ስላቃተው ነው። ይጨነቃል እንጂ ለሕይወቱ አያሰጋውም። ወተት የነካው ብስኩት ቢቀምስ ብዙ ጊዜ ምንም አይለውም።

እውነተኛው የምግብ አለርጂ ሌላ ነገር ነው። የሰውነት መከላከያ ምግቡን እንደ ጠላት ቆጥሮ ይነሣበታል። ጥቂቱም ይበቃዋል። ቆዳው ላይ ሳማ የለበለበው የሚመስል ሽፍታ ይወጣል፣ ከንፈርና ዓይን ያብጣል፣ ያስመልሰዋል፣ ሲብስ ትንፋሽ ያጥረዋል። ልጃችሁ የትኛው እንደሆነ ሐኪም ካልለየላችሁ፣ ከበዓሉ በፊት ሄዳችሁ አስለዩ። ከዚህ በታች የምለው ጥብቅ ነገር ሁሉ ለሁለተኛው ዓይነት ልጅ ነው።

የከተራ ገበያና የጥምቀት ገበያ

ይህን ብዙ ወላጅ ልብ አይለውም። ጥር 10 ከተራ ነው፤ ገሃድም ነው፤ ይጾማል። ታቦታቱ ከሰዓት በኋላ በእልልታ ወደ ጥምቀተ ባሕሩ ሲወርዱ መንገድ ዳር የሚሸጠው ሁሉ የጾም ነው። ወተትና እንቁላል እምብዛም የለበትም። በምትኩ ለውዝ፣ ሱፍ፣ ሰሊጥ፣ ሽምብራ በያይነቱ ይወጣል። በማግሥቱ ጥር 11 ግን ረቡዕም ይሁን ዓርብ ይፈሰካል። ቅቤው፣ ወተቱ፣ እንቁላሉ ይመለሳል።

ስለዚህ ወተት ወይም እንቁላል የማይስማማው ልጅ ከተራ ላይ ትንሽ ይቀለዋል። የለውዝና የሰሊጥ አለርጂ ያለበት ደግሞ የሚከብደው በዚያው ቀን ነው። ሁለቱንም ቀን አንድ ዓይነት ምሳ ዕቃ አሲዞ መውጣት ለዚህ ነው የማያዋጣው።

«የጾም» የሚል የተጻፈበት ብስኩትም አያዘናጋችሁ። ጽሑፉ የተጻፈው ለጿሚ ነው። ያው ፋብሪካ፣ በዚያው ማሽን፣ ከአንድ ሰዓት በፊት የወተት ብስኩት ጋግሮ ሊሆን ይችላል። ለጿሚ ችግር የለውም፤ ለአለርጂ ልጅ ግን አለው።

ከቤት የተሠራ

የኔ የመጀመሪያ ምርጫ ይሄ ነው። የገባበትን ታውቁታላችሁ። ሦስት ወይም አራት ግብዓት ያለው ነገር ሥሩ፤ ከዚያ በላይ አትሂዱ።

የጤፍ ቂጣ ለስንዴ አለርጂ ልጅ ጥሩ ነው። ጤፍ ስንዴ አይደለም፤ ግሉተን የሚባለውም ነገር የለበትም። ቀጠን አድርጎ ጋግሮ፣ ጨው ነካ አድርጎ፣ ቆራርጦ መያዝ ይቻላል። ቢደርቅም ይበላል። የተቀቀለ ድንችና ስኳር ድንችም እንዲሁ ናቸው፤ እነሱ ግን ተቀቅለው ረጅም ሰዓት አይቆዩም። ስንዴ ለሚስማማው ልጅ አምባሻ ከሁሉም ይሻላል። አይፈርስም፣ አይንጠባጠብም፣ ሆድ ይይዛል።

ዳቦ ቆሎ ደግሞ የጉዞ ንጉሥ ነው። እንቁላልና ወተት ሳይገባበት ይሠራል። ዘይቱን ግን ጠይቁ። የተጣራ የፋብሪካ ዘይት አንድ ነገር ነው፤ ሰፈር ውስጥ ተጨምቆ የሚሸጠው የሰሊጥ ወይም የለውዝ ዘይት ሌላ ነው። ሳይጣራ የተጨመቀ ዘይት የፍሬውን ፕሮቲን ይዞ ይመጣል። አለርጂ የሚቀሰቅሰው ደግሞ እሱ ነው። እኛ አገር ሰሊጥ ከመተማም ከሁመራም እንደ ልብ ስለሚመጣ ዘይቱ በየቤቱ አለ። የእህቴ ልጅ ሰሊጥ አይነካም። እናቱ ዳቦ ቆሎ የምትሠራበትን ድስት ለብቻው አስቀምጣለታለች፤ የቤት ሠራተኛዋም ታውቀዋለች፣ አያቱም ታውቀዋለች።

ሌላው የሚረሳው ወፍጮ ቤት ነው። ከእናንተ በፊት የመጣችው ሴትዮ ስንዴ አስፈጭታ ከሆነ፣ በወፍጮው የቀረው ዱቄት ከእናንተ ጤፍ ጋር ይወርዳል። ሽሮ አስፈጭታ ከሆነ ደግሞ ሽምብራው፣ አተሩና አብሹ ይወርዳል። ዱቄቱ መውረድ ሲጀምር ቀለሙን አይታችሁ እስኪጠራ የመጀመሪያውን ለብቻ ማስቀበል ይረዳል፤ ግን ሙሉ በሙሉ አያጸዳም። ስንዴ በጥቂቱም የሚያሳምመው ልጅ ካላችሁ፣ ለእሱ የሚሆነውን ጤፍ ቤት ውስጥ በትንሽ መፍጫ መፍጨት ይሻላል። አድካሚ ነው። ለአንድ ምሳ ዕቃ ግን የሚበቃው ጥቂት ነው።

ጎንደር ጥር ላይ ማለዳው ያንቀጠቅጣል፤ ቀትር ላይ ፀሐዩ አናት ይበሳል። ንጋት ላይ ያልተበላሸ እንቁላል ቅቅል እኩለ ቀን ላይ እንደዚያው አይቆይም። እንቁላል፣ ወተት፣ የተቀቀለ ድንች፣ ሥጋ ያለበት ነገር ከማቀዝቀዣ ወይም ከእሳት ወርዶ ከ2 ሰዓት በላይ ከቆየ ለልጅ ባይሰጥ ይመረጣል። ደረቅ ነገር ምረጡ የምለው ለዚህም ነው። አለበለዚያ የተመረዘን ሆድ ከአለርጂ መለየት ሊያስቸግራችሁ ነው፤ በዚያ ሕዝብ መሐል።

ፍራፍሬ

ሙዝና ብርቱካን ከቅዳሜ ገበያ ገዝቶ፣ አጥቦ፣ ይዞ መግባት ነው። ልጣጩ የፈታሹንም የጎረቤቱንም እጅ ይከላከልለታል። ሙዝ ይጨፈለቃል፤ ሳይበስል ትንሽ አረንጓዴ ሲል ያዙት። ልጣጩን እዚያ አትጣሉ፤ ብዙ ሰው በባዶ እግሩ ነው የሚሄደው፣ ያንሸራትታል።

ብቻውን ግን ልጅ አያውልም። ከቂጣ ወይም ከአምባሻ ጋር ጥሩ ነው።

የታሸገ ብስኩት

ቀላል ነው፣ አይበላሽም፣ ፈታሹም ብዙ አያየውም። ስለዚህ ሁሉም ሰው ይዞት ይገባል። አለርጂ ላለበት ልጅ ግን ሁለተኛ ምርጫ ነው፤ እሱም ግብዓቱን ማንበብ ከቻላችሁ ብቻ።

ሱቅ ሄዳችሁ ገልብጡት። ግማሹ በዓረብኛ ነው፣ ሌላው በቱርክኛ። ከካርቶን ወጥቶ በፍሬ የሚሸጠው ዋፈር ላይ አንዳንዴ ዝርዝሩ ጭራሽ የለም፤ ካርቶኑ ላይ ቀርቷል። ባለሱቁ «ኧረ ንጹሕ ነው፣ የኔም ልጅ ይበላዋል» ይላችኋል። እውነቱን ነው፤ የእሱ ልጅ አለርጂ የለበትም።

ዝርዝሩን ማንበብ ብትችሉም ሁሉም አገር እኩል አይጽፍም። አሜሪካ እንኳ ሰሊጥን ከዋና ዋና አለርጂ አምጪዎች ቆጥራ በግልጽ እንዲጻፍ ያስገደደችው ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ ነው። «ሊኖረው ይችላል» የሚለው ማስጠንቀቂያ ደግሞ በብዙ አገር በአምራቹ ፈቃድ የሚጻፍ ነው። ካልተጻፈ የለም ማለት አይደለም።

ብስኩት ከመረጣችሁ ልጁ ከዚህ በፊት ቤት ውስጥ በልቶት የሚያውቀውን ያዙ። አዲስ ነገር በበዓል ቀን፣ ከሐኪም ርቆ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ አይሞከርም። ማሸጊያውንም ልጁ በልቶ እስኪጨርስና ጥቂት ሰዓት እስኪያልፍ አትጣሉት።

እዚያው ከሻጭ

ለለውዝና ለሰሊጥ አለርጂ ልጅ አይሆንም። ይሄን ሳላወላውል ነው የምለው።

የቆሎ ሻጯን እጅ ለአምስት ደቂቃ ቆማችሁ ተመልከቱ። ከፊቷ ገብስ፣ ሽምብራ፣ ሱፍ፣ ለውዝ በየሰፌዱ ተደርድሯል። መስፈሪያዋ አንድ ጣሳ ናት። ለአንዱ ለውዝ ትሰፍራለች፤ ያቺኑ ጣሳ ገብሱ ውስጥ ትከታለች። «ትንሽ ቀላቅይልኝ» ሲላት በእጇ ታማስለዋለች፤ በዚያው እጅ ለሚቀጥለው ትመርቃለች። ቆሎው የተቆላበት ምጣድም ብዙ ጊዜ አንድ ነው። ጥፋት አልሠራችም፤ ቆሎ እንዲህ ነው የሚሸጠው። «ገብስ ብቻ ስጭኝ» ማለት ግን ልጃችሁን አያድነውም።

ሌሊቱን ለሚያድሩ ደግሞ የለውዝ ሻይ አለ። በዚያ ብርድ የሚከፋ ነገር አይደለም። ስኒው ግን በአንድ ባልዲ ውሃ እየተለቃለቀ ነው የሚዞረው። ለልጃችሁ ተራ ሻይ ብታዙም በየትኛው ስኒ እንደሚመጣ አታውቁም። በቴርሞስ ከቤት ይዞ መሄድ ይሻላል፤ የልጁንም ኩባያ ጨምራችሁ። የጭማቂ ቤት መፍጫም ያው ነው፤ ከእናንተ በፊት አቮካዶ በወተት ተመቶበታል።

ሸንኮራ አገዳ ከሻጭ ከሚገዛው ሁሉ ንጹሑ ነው፤ ከራሱ ሌላ የገባበት የለም። ግን ቢላው የሻጩ ነው፣ ለትንሽ ልጅም ጭራሮው ጉሮሮ ላይ ይሰካል። ዘንጉን ተሸክሞ በር ላይ ከፈታሽ ጋር መከራከርም አለ።

አለርጂ ይኑረው አይኑረው፣ ከ4 ዓመት በታች ለሆነ ልጅ ቆሎ፣ ሙሉ ለውዝና ፈንዲሻ አትስጡ። በግፊያ መሐል እየተዘለለ፣ እየታዘለ፣ እየሳቀ ሲበላ ወደ ሳንባው ይገባል።

ፍተሻውን ለማለፍ

ስለታም ነገርና የመስታወት ዕቃ ቤት ይቅር። ቢላ የሚፈልግ ምግብ ከቤት ተቆርጦ ይምጣ። ውሃ በሃይላንድ ያዙ፤ ጠጡ ከተባላችሁ ተጎንጭታችሁ ማሳየት ትችላላችሁ። ሕጉ በየዓመቱ ጠበቅም ላላም ስለሚል፣ የሰፈራችሁን የሰንበት ተማሪ ወይም የጸጥታ አስተባባሪ ቀድማችሁ ጠይቁ።

ከዕቃው መከልከል በላይ የሚያሳስበኝ የእጁ ነገር ነው። ፈታሹ የስንቱን ቆሎ ሲበረብር ቆይቶ ነው የእናንተን ምሳ ዕቃ የሚከፍተው። ስለዚህ ውስጡ ከውጭ የሚታይ ዕቃ ተጠቀሙ። ምግቡን በየጉርሻው ጠቅልሉት። ክዳኑን ራሳችሁ ክፈቱና «የታመመ ልጅ ምግብ ነው፣ እባክህ በእጅ አትንካብኝ» በሉት። አብዛኞቹ ይገባቸዋል፤ ብዙዎቹ ራሳቸው የልጅ አባት ናቸው።

ሐኪም ለከባድ አለርጂ የሚወጋውን የአድሬናሊን መርፌ አዝዞላችሁ ከሆነ ወረቀቱን አብራችሁ ያዙ። ማኅተም ያለበት ይሁን። ያለ ማኅተም መርፌ ይዞ መግባት ብዙ ያስረዝማል። መድኃኒቱ ፀሐይ በማይመታው ኪስ ውስጥ፣ ከወላጁ አካል ሳይለይ ይሁን። ዘመድ የያዘው ቦርሳ ውስጥ ከሆነ የለም ማለት ነው፤ ዘመድ ጠፊ ነው፣ በተለይ ውሃው ተባርኮ ሰዉ ሲተራመስ።

እጅ ማጽጃ ጄል ይዛችሁ ከሆነ ለጀርም ይጠቅማል፤ የለውዝ ቅባት ግን አያነሳም። ለዚያ ሳሙናና ውሃ፣ ካልሆነም የሕፃናት ዋይፐር ነው የሚሠራው። ልጁ ከመብላቱ በፊት የእሱንም የእናንተንም እጅ ጥረጉ።

ደጉ እጅ

ምሳ ዕቃውን ብታስተካክሉም ይሄኛው ይቀራል። እኛ ዘንድ ልጅ እያየ አይበላም። አጠገባችሁ የተቀመጡት እማማ ከነጠላቸው ጫፍ ፈተው ቆሎ ያወጣሉ፣ መጀመሪያ የሚሰጡት ለእናንተ ልጅ ነው። እምቢ ካላችሁ ይቀየማሉ። ዞር ስትሉ ደግሞ ያጎርሱታል፤ በፍቅር። በዓሉ በ2012 ዓ.ም. በዩኔስኮ ከተመዘገበ ወዲህ ደግሞ የውጭ እንግዳው ሌላ ደግ እጅ ሆኗል። ነጩ ሰውዬ ከቦርሳው ቸኮሌት አውጥቶ ለሕፃን ሲሰጥ ሁሉም ይስቃል። ውስጡ ለውዝ ወይም ሌላ ፍሬ እንዳለበት ግን ማንም አይጠይቅም።

«አይስማማውም» ብቻ አትበሉ። ሰው የሚሰማው «ሆዱን ትንሽ ይቆርጠዋል» ነው፤ መልሱም «ኧረ ትንሽ ቢቀምስ ምን ይለዋል፣ አታሞላቅቂው» ይሆናል። «ሐኪም ከልክሎታል እማማ፣ ከነካው ትንፋሹ ይዘጋል» በሉ። ሐኪም ሲባል ሁሉም ይገታል። ቀጥሎ «እኔ ልዝገንልዎት» ብላችሁ ራሳችሁ ተቀበሉና አመስግኑ። ቅያሜው እዚያው ያበቃል። እናንተ ግን ቆሎውን በኪስ አኑሩት እንጂ አትብሉት፤ ልጁን የምትይዙት በዚያው እጅ ነው።

ልጁ ራሱ ከ4 ወይም ከ5 ዓመት በላይ ከሆነ አንድ ነገር አስተምሩት፤ ማንም ቢሰጠው «እናቴን ልጠይቅ» እንዲል። ይለማመዱታል፤ ልጆች እንዲህ ያለ ነገር ይወዳሉ። አብሯችሁ ለሚሄደው ዘመድ ሁሉም በቅድሚያ ይነገረው፤ በተለይ ለአጎቶች።

ልጁ የሚቆርብ ከሆነና የስንዴ አለርጂ ካለበት፣ ያን ከንስሐ አባታችሁ ጋር ከበዓሉ በፊት ተነጋገሩ። በዚያ ሰልፍ ላይ የሚነሣ ጉዳይ አይደለም።

ውስጥ ወይስ መንገድ ዳር?

ልጃችሁ ሽፍታ ብቻ የሚወጣበት ከሆነ፣ ስድስት ዓመት ካለፈውና ለመናገር ካላፈረ፣ ከቤት የተሠራ ምግብ ይዛችሁ ግቡ። ማለዳውን ማየት ይገባዋል።

ከዚህ በፊት ትንፋሹ አጥሮ የሚያውቅ ልጅ ከሆነ ግን፣ በተለይ ለለውዝ ወይም ለሰሊጥ፣ እኔ መንገድ ዳርን እመርጣለሁ። የከተራ ከሰዓት ታቦታቱ ወደ መዋኛው ሲወርዱ አንድ ጥግ ይዞ መቆም ነው። ዝማሬው አለ፣ ጭፈራው አለ፣ ጃንጥላው አለ። ልጁ አይቶ ይጠግባል፤ ቤት ገብቶ ይበላል። አንድ ነገር ቢሆን በየትኛው መንገድ እንደምትወጡ ታያላችሁ። የሚካኤል ታቦት ደግሞ ጥር 12፣ በቃና ዘገሊላ ነው የሚመለሰው። ያን ቀን መሸኘትም በዓል ነው፤ ለልጅም ከጥር 11 ጠዋት ግፊያ ይቀላል። አማች ዘንድ «ጥምቀትን ሳታስጠምቁት» የሚል ወቀሳ ሊኖር ይችላል። ተቀበሉትና እለፉት፤ ጠበሉን በሃይላንድ ያመጣላችኋል።

ከመሐል ያለው ልጅ፣ ማለትም ወተት ወይም እንቁላል የማይስማማው፣ ትንፋሹ ግን አጥሮ የማያውቅ፣ በከተራ ወይ ውስጥ ወይ ውጭ ቢሆን ብዙ ልዩነት የለውም። ጥር 11 ከቅዳሴ በኋላ ፍስክ ሲጀመር ግን ከመሶቡ ፊት ቀድማችሁ አብሉት።

ከተነሣበትስ?

ስትገቡ አምቡላንሱና የቀይ መስቀል በጎ ፈቃደኞቹ የት እንደቆሙ ዓይናችሁ ይይ። መንገድ ስለሚዘጋ ባጃጅ ተስፋ አይደረግም።

ከንፈር ወይም ዓይን ዙሪያ ትንሽ ሽፍታ ብቻ ከሆነ ሐኪም ያዘዘላችሁ የማሳከክ መድኃኒት ይረዳል፤ ግን ዓይናችሁን ከልጁ አትንቀሉ። ድምፁ ከጎረነነ፣ ካሳለው፣ ሲተነፍስ ሲር ሲር ካለ፣ ደጋግሞ ካስመለሰ፣ ከዛለ ወይም ከገረጣ የማሳከኩ መድኃኒት አያድነውም። አድሬናሊን ነው የሚያስፈልገው። በሐኪም የታዘዘላችሁ ካለ ወዲያው፣ ጭኑ ላይ በውጭ በኩል፣ በታዘዘው ልክ ስጡት። አስተኙትና እግሩን ከፍ አድርጉ፤ ትንፋሽ ካጠረው ግን ቀና ብሎ ይቀመጥ። አታስሩጡት፣ አታቁሙት፤ ተሸከሙት። ውሃም ጠበልም በአፉ አትጨምሩ፤ ትንፋሽ ባጠረው ሰዓት ያንቀዋል።

አድሬናሊኑን ወስዶ ቢሻለውም ሆስፒታል ይሂድ። ምልክቱ ከሰዓታት በኋላ ተመልሶ ሊነሣ ስለሚችል ሐኪሞች ለተወሰኑ ሰዓታት ያቆዩታል። የበላውን ነገር ማሸጊያ፣ ከሌለ ትራፊውን ይዛችሁ ሂዱ። ሐኪሙ መጀመሪያ የሚጠይቃችሁ ምን በላ፣ በስንት ሰዓት በላ የሚለውን ነው።